«ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚለውን የሽማግሌ ወረቀት እንፈርም ወይስ አንፈርም?

ጥያቄ — ከ«የግንበኛው ወንድም»

ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቀው በታናሽ ወንድሜ ላይ ስለደረሰ የመኪና አደጋ ነው። ነገሩ ብዙ ክር ስላለው ጽሑፌ ቢረዝም ይቅርታ አድርጉልኝ።

ወንድሜ የ34 ዓመት ሰው ሲሆን የሚተዳደረው በግንበኝነት ነው። የዛሬ ስምንት ወር ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሥራ ወጥቶ መንገድ ሲያቋርጥ ጭነት የያዘ አይሱዙ ገጨውና ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። ብረት ገብቶለት ሁለት ወር ያህል ሆስፒታል ከተኛ በኋላ አሁን በክራንች ይንቀሳቀሳል። ሐኪሞቹ ግን አጥንቱ በደንብ ስላልገጠመ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው እንደሚችል ነግረውናል። ከአደጋው ጀምሮ አንድም ቀን አልሠራም፤ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ የሚኖሩት እኔ በምልከውና ጎረቤት በሚያዋጣው ነው።

ሾፌሩ አልሸሸም። ወንድሜን አንሥቶ ሆስፒታል ያደረሰው ራሱ ስለሆነ በእርሱ ላይ ቂም የለንም። ለትራፊክ ፖሊስ የሰጠው ቃል «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚል ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩት የመኪናው ባለቤት ስንደውልላቸው መጀመሪያ «የገጨው ሾፌሩ ነው፣ ከእርሱ ጋር ተነጋገሩ» አሉን። ቀጥለው የፍሬን ብልሽት የእግዚአብሔር ሥራ እንጂ የሰው ጥፋት እንዳልሆነ ነገሩን፤ በመጨረሻም «ወንድማችሁም ቢሆን ዜብራ ላይ አልነበረም» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ በአካባቢያችን የሚከበሩ ሦስት ሽማግሌዎች በባለቤቱ ተልከው ቤታችን መጡ። 60,000 ብር ይዘዋል፤ ከገንዘቡ ጋር በኮምፒዩተር የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀትም አለ። በወረቀቱ መጨረሻ «ስለደረሰብኝ ጉዳት ሙሉ ካሳ ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ይላል። እንድፈርም የተጠየቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ «ታላቅ ወንድም አባት ነው፣ ያንተ ፊርማ ይበቃል» ብለውኛል። ሽማግሌ እግር ድረስ መጥቶ ባዶውን መመለስ በእኛ አገር ከባድ መሆኑን ታውቃላችሁ። ገንዘቡም ያስፈልገናል።

ይህን ወረቀት ብፈርም በኋላ መካሰስ ይቻላል ወይ? ባለቤቱ በእውነት ከኃላፊነት ነጻ ናቸው? የመኪናው መድንስ ምን ያህል ይሸፍናል? የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ታላቅ ውለታ ነው።

መልስ — ከ«ጠበቃ በሥራ ላይ»

ወንድሜ፣ ለወንድምዎ ምሕረቱን ይላክለት። ወረቀቱን አሁን ባለበት ቃል አይፈርሙ። ምክንያቱን ግን በዝርዝር ማወቅ ይገባዎታል፤ ሽማግሌዎቹ ፊት የሚቀመጡት እርስዎ ነዎትና።

ከኃላፊነቱ ልጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገርበት ክፍል፣ ቁጥር 2081 ላይ፣ የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ያስቀምጣል። ኃላፊነቱ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው እየነዳው ለደረሰ ጉዳት ጭምር ነው፤ ባለቤቱ በዚህ በኩል የሚያመልጡት መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆባቸው እንደነበር ካስረዱ ብቻ ነው። ስለዚህ «የገጨው ሾፌሩ ነው» የሚለው መልስ በሕግ ፊት መልስ አይደለም። ሾፌሩ በራሱ ጥፋት በቁጥር 2028 ይጠየቃል፣ ባለቤቱ በባለቤትነታቸው ይጠየቃሉ፤ ሁለቱንም በአንድ ክስ መክሰስ ይቻላል።

የፍሬኑን ነገር በተመለከተ ቁጥር 2086ን አንብቡት ብዬ እመክራለሁ፤ ለእንዲህ ያለው ምክንያት የተጻፈ ይመስላል። በያዘው ነገር ምክንያት ያለ ጥፋቱ ኃላፊ የሚሆን ሰው፣ ጥፋት አልሠራሁም፣ ወይም የጉዳቱ ምክንያት አይታወቅም፣ ወይም ጉዳቱን ማስቀረት ከአቅሜ በላይ ነበር፣ ወይም ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው በማለት ነጻ ሊወጣ አይችልም። የቀረው አንድ በር የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። ባለቤቱ ዜብራውን ያነሡት ምናልባት ይህን የነገራቸው ሰው ስላለ ይሆናል። እርሱም ቢሆን የማስረዳት ሸክሙ የእርሳቸው ነው፤ ቢያስረዱም ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ በወንድምዎ ጥፋት ብቻ የደረሰ ካልሆነ በቀር ካሳው ይቀነስ ይሆናል እንጂ አይቀርም። በዚህ ምክንያት የትራፊክ ፖሊስ ያነሣውን የአደጋ ፕላን ቅጂ ቶሎ ያውጡ። ወንድምዎ የወደቀበት ቦታ፣ የጎማው ምልክት የጀመረበትና በአቅራቢያው ዜብራ መኖር አለመኖሩ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በሕጋችን ተዋዋዮች ክርክራቸውን በስምምነት መጨረስ ይችላሉ፤ ከቁጥር 3307 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች የሚናገሩት ስለዚህ ሲሆን፣ በቁጥር 3312 መሠረት እንዲህ ያለው ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌ ያስታረቀው ነገር ቃል ብቻ መስሎት ይፈርማል፤ ከዓመት በኋላ እግሩ እንደማይድን ሲታወቅ ክስ ይመሠርታል፤ ተከሳሹም ያችን አንድ ገጽ አያይዞ ክሱን ያስዘጋል።

የእርስዎ ፊርማ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ታላቅ ወንድም አባት መሆኑን ባህላችን ያውቀዋል፤ ሕጉ ግን የሚያውቀው ውክልናን ነው። በቁጥር 2205 መሠረት በሌላ ሰው ስም ለመታረቅ ልዩ የውክልና ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ጠቅላላ ውክልና እንኳን አይበቃም። ወንድምዎ አእምሮው ጤነኛ፣ እጁም የሚጽፍ ከሆነ ስለ ራሱ እግር የሚፈርመው እርሱ ነው። ይህ ሽማግሌዎቹንም ሳያስቀይሙ ነገሩን ለማዘግየት የሚያስችል እውነተኛ ምክንያት ይሆንዎታል።

ስለ 60,000 ብሩም አብረን እናስላ። ወንድምዎ በቀን 400 ብር ያገኛል፣ በወርም 24 ቀን ይሠራል ብንል ወርኃዊ ገቢው 9,600 ብር ነው። ሥራ ያጣባቸው ስምንት ወራት ብቻ 76,800 ብር ናቸው፤ የቀረበላችሁ ገንዘብ ይህንኑ እንኳን አይሸፍንም። የሐኪሞች ቦርድ ለምሳሌ 35 በመቶ ዘላቂ የአካል ጉዳት ቢወስንና ፍርድ ቤቱ እስከ 60 ዓመት ይሠራ ነበር ብሎ ቢነሣ፣ በዓመት 115,200 ብር በ26 ዓመት ተባዝቶ ከዚያ ላይ 35 በመቶው ሲወሰድ 1,048,320 ብር ይመጣል። ፍርድ ቤት ይህን ቁጥር እንዳለ ይወስናል ማለቴ አይደለም። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የሚከፈል መሆኑንና የቀን ሥራ መቆራረጡን እያየ ይቀንሳል፤ ትክክለኛው መጠን በማስረጃ ሊረጋገጥ ካልቻለም በቁጥር 2102 በርትዕ፣ ማለትም ለኅሊናው ፍትሐዊ በመሰለው መጠን፣ ይወስናል። ሆኖም ሽማግሌዎቹ ፊት ሲቀመጡ በምን ያህል ነገር ላይ እንደምትነጋገሩ ማወቅ ያስፈልጋል። የሕክምናው ወጪና ወደፊት እንደሚመጣ የተረጋገጠ ወጪም በዚህ ላይ ይጨመራል።

ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለደረሰበት ሥቃይና ሐዘን፣ የሚሰጠው ካሳ ግን ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ምን ይገዛ እንደነበር ለሚያስታውሱ አባቶች ልተወው።

በመድኑ በኩል፣ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያስገድዳል። አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ አሁን የሚሠራበትን መጠን ከመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ይጠይቁ። ዋናው ነገር ጣሪያው የመድን ድርጅቱን ግዴታ የሚወስን እንጂ የባለቤቱን ኃላፊነት የሚወስን አለመሆኑ ነው፤ ከጣሪያው በላይ ያለውን ባለቤቱ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። እስካሁን ለመድን ድርጅቱ አደጋው መነገሩንም ያረጋግጡ።

የጊዜው ነገር አያዘናጋችሁ። በቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም ክሱ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ሲረዝም ረጅሙ ይሠራል የሚል ተጨማሪ አለ፤ እኔ ግን ደንበኞቼን በዚያ ተማምነው እንዲቀመጡ አልመክርም። ስምንቱ ወር ሄዷል።

መልስ — ከ«የድሮ ሾፌር»

የሕጉን ነገር ጠበቃው ተናግረዋል፤ እኔ ለ19 ዓመት የጭነት መኪና የነዳሁ ሰው ስለሆንሁ ከመሪው በኩል ያለውን ልጨምር።

«ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለው ቃል ሁለት ዓይነት እውነት አለው። አንዳንዱ በፍጥነት ሲነዳ የነበረ ሰው የሚሸሸግበት ነው። አንዳንዱ ግን የፍሬን ሸራ አልቋል እያለ ለባለቤቱ ደጋግሞ የተናገረና «ይህን ቢያጆ አድርሰህ ስትመለስ ይሠራል» የተባለ ደመወዝተኛ የሚናገረው ነው። ፖሊስ ከአደጋ በኋላ መኪናውን የቴክኒክ ምርመራ ስለሚያስደርግ ውጤቱን ጠይቁ። ሸራው አልቆ ከተገኘ ባለቤቱ በባለቤትነታቸው ብቻ ሳይሆን በራሳቸው ጥፋትም የሚጠየቁ ይመስለኛል፤ ጠበቃው ያርሙኝ። ሾፌሩንም ብቻውን አግኝታችሁ አነጋግሩት። ሥራውን የሚሰጡት ሰው በሌሉበት የሚናገረው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ረዳት ከነበረውም ረዳቱ ምስክር ነው።

ሌላው ማለት የምፈልገው ስለ እርቁ ነው። ሽማግሌዎቹን ባዶ እጃቸውን አትመልሷቸው። ሾፌሩ የወንጀል ክስ አለበት፤ ፍርድ ሲሰጥ ከተጎጂው ቤተሰብ ጋር መታረቁና የረዳ መሆኑ ቅጣቱን ያቀልለታል። እኔ ራሴ ከብዙ ዓመት በፊት ሰው ገጭቼ በሽማግሌ የታረቅሁ ነኝ፤ ያን ቀን የተጎጂው እናት ውኃ ያጠጡኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ወንድማችሁን አንሥቶ ሆስፒታል ያደረሰ ልጅ ከባለቤቱ ጋር እኩል መቆጠር የለበትም። እርቁን ለሾፌሩ ስጡ፤ ካሳውን ከባለቤቱ ጠይቁ።

መልስ — ከ«ነርስ፣ አጥንት ክፍል»

እኔ የምናገረው ስለ ማስረጃው ነው፤ በሥራዬ ላይ ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ሲጎዳ ስለማይ።

የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚወስነው ሕክምናው ካበቃ ወይም ከዚህ በላይ ለውጥ አይኖርም ከተባለ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይደረግ አይደረግ ገና ያልተወሰነለት ሰው ዛሬ ቦርድ ቢቀርብ የሚጻፍለት ቁጥር ነገ ከሚኖረው ሁኔታ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ይህም ወረቀቱን አሁን አለመፈረም ከሚያስፈልግበት ምክንያት አንዱ ነው፤ የእግሩን መጨረሻ ሐኪሙ ራሱ ሳያውቀው እናንተ እንዴት «ሙሉ ካሳ ተቀበልሁ» ትላላችሁ? ቦርዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ከፖሊስ ወይም ከፍርድ ቤት በተጻፈ ደብዳቤ ስለሆነ ያንን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረሰኝ አትጣሉ። ከግል መድኃኒት ቤት የተገዛውም ስሙና ቀኑ ተጽፎበት ይያዝ። ለባጃጅና ለኮንትራት ታክሲ የከፈላችሁት ደረሰኝ የለውምና ቀኑን፣ የሄዳችሁበትንና የከፈላችሁትን በአንድ ደብተር መዝግቡ። የራጅ ፊልሞቹን ከነቀናቸው አስቀምጡ፤ አንድ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ራጅ ልጆች ሲጫወቱበት ቆይተው ተሰንጥቆ ያመጡት ትዝ ይለኛል።

ተጨማሪ ጥያቄ — ከ«የግንበኛው ወንድም»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄጄ የአደጋውን ፕላን ቅጂ አመለከትሁ። እግረ መንገዴንም አንድ ነገር ሰማሁ፤ የመኪናው ሊብሬ ያለው እኛ ባለቤት በምንላቸው ሰው ስም ሳይሆን በሌላ ሰው ስም ነው። እኚህ ሰውዬ መኪናውን የገዙት በውክልና ነው አሉ፤ ስሙን አላዛወሩም። በዚያ ላይ ሊሸጡት ገዢ እያነጋገሩ መሆኑን የሾፌሩ ዘመድ ነገረኝ። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ተመልሰው ይመጣሉ። ለጠበቃም ሆነ ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ የለንም። ምን ላድርግ?

መልስ — ከ«ጠበቃ በሥራ ላይ»

የሊብሬው ነገር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስለሆነ አያስደንግጥዎ። ተሽከርካሪው በማን ስም እንደተመዘገበ ሰሌዳውን ከሰጠው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ እንዲገለጽ በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት በኩል ያስጠይቁ። ከዚያም በሊብሬው ላይ ስሙ ያለውንም፣ መኪናውን ይዘው የሚጠቀሙበትንም፣ ሾፌሩንም በአንድነት መክሰስ ነው። ማን ባለቤት እንደሆነ እርስ በርሳቸው ይከራከሩ፤ ያ የእናንተ ሸክም እንዲሆን አትፍቀዱ። ሽያጩን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 151 ጀምሮ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ንብረት እንዲከበርና እግድ እንዲሰጥ የሚጠየቅበትን መንገድ ይዟል። ማመልከቻው ከክሱ ጋር አብሮ ቢቀርብ ጥሩ ነው፤ «ሊሸጥ ነው» የሚለውንም የሚደግፍ ቃለ መሐላና የሚገኝ ከሆነ ምስክር ያስፈልገዋል።

ክሱን ለማቅረብ አዲስ አበባ መመላለስ የለባችሁም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 27 መሠረት የጉዳት ካሳ ክስ ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ሊቀርብ ይችላል፤ ምርጫው የከሳሹ ነው። ምስክሮቹም ሆስፒታሉም ፖሊሱም እናንተ ዘንድ ስለሆኑ እኔ ብሆን ደብረ ብርሃንን እመርጣለሁ። ዳኝነቱን መክፈል የማይችል ሰው ከቁጥር 467 ጀምሮ ባለው ድንጋጌ መሠረት በደሃ ደንብ ክስ ለመክፈት ይጠይቃል፤ ለዚህም የቀበሌ ማስረጃ ያዘጋጁ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ክፍሎች ሥር ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት ስላሉ በአቅራቢያችሁ ያለውን ጠይቁ።

የድሮ ሾፌር ያነሡት ትክክል ነው። የቴክኒክ ምርመራው ባለቤቱ ብልሽቱን እያወቁ መኪናውን እንዳሠሩ ካሳየ የጥፋት ኃላፊነትም ይጨመራል። ስለ ቅጣት ማቅለያውም እንዲሁ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 82 በጥፋቱ መጸጸትንና ተጎጂን መርዳትን ቅጣት ከሚያቀልሉ ምክንያቶች ይቆጥራቸዋል። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሾፌሩ በወንጀሉ ነጻ ቢባል እንኳን ያ ውሳኔ የካሳውን ጉዳይ የሚያየውን ዳኛ አያስገድደውም፤ ቁጥር 2149 ይህን በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ወንጀሉ እንዴት እንደሚያልቅ ለማየት ብላችሁ የካሳውን ክስ አታቆዩ።

ለቅዳሜ የምመክረው ይህ ነው። ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሏቸው፤ ገንዘቡንም ተቀበሉ፤ ወረቀቱ ግን ሁለት ይሁን። አንደኛው ከሾፌሩ ጋር ብቻ የሚደረግ እርቅ ሲሆን፣ ወንድምዎ ቂም እንደሌለው፣ ሾፌሩ ከአደጋው በኋላ እንደረዳውና ለፍርድ ቤትም ይኸው እንዲገለጽለት እንደማይቃወም ይናገራል፤ ስለ ካሳ አንድም ቃል አይገባበትም። ሁለተኛው የገንዘብ መቀበያ ነው። «ለሕክምናና ለቀለብ እንዲሆን 60,000 ብር ተቀብያለሁ፤ ይህ ገንዘብ ወደፊት በስምምነት ወይም በፍርድ ከሚወሰነው ካሳ ላይ የሚታሰብ ነው፤ ቀሪውን ካሳ የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ ነው» ይበል። ሁለቱንም ወንድምዎ ይፈርሙ፤ እርስዎ በምስክርነት ብቻ ይፈርሙ። ባለቤቱ በዚህ ቃል ገንዘቡን አንሰጥም ካሉ፣ ሽማግሌዎቹ የተላኩት ለምን እንደነበር ለራሳቸው ለሽማግሌዎቹም ግልጽ ይሆንላቸዋል፤ ባዶ እጃቸውን የመለሷቸውም እናንተ አትሆኑም።

ረቂቁ ሲዘጋጅ ስሞቹን፣ የሰሌዳ ቁጥሩንና ስልኮቹን ሸፍነው እዚህ ያስቀምጡልኝ፤ ዓርብ ማታ አየዋለሁ።